አንዱ ሞተረኛና «ሞተረኞች ሁሉ»



በዚህ እትም ለጥናት ያቀረብነው ርእስ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ የሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውን በለበሰው ልብስና በተቀመጠበት ነገር ለክተን ስም ስንሰጠው ማን እንደሚጎዳ፣ ስሙስ ከየት እንደመጣ ለመመርመር ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በጥሞና ተከታትለን በመጨረሻ ባሉት ጥያቄዎች ላይ እንወያይ።

ለመሆኑ «ሞተረኛ» የሚለውን ቃል ስንሰማ በአሳባችን የሚመጣው ምን ዓይነት ሰው ነው? የመንገድ ጋጠወጥ፣ ለነፍሱ የማይሳሳ፣ የሰው ቦርሳ ነጥቆ በጠባብ መንገድ የሚሰወር፣ ወላጆቹን የማይሰማ ዱርዬ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የራስ ቁር ወይም ሄልሜት ማድረጉን እንኳ ፊቱን ለመደበቅ ነው ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ነገር ግን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ አባቶቻችን። እንግዲህ እኛም ወሬውን እናጣራው።

ሀ. ይህ ስም ከየት መጣ?

ሞተረኛን ከወንበዴ ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርንያ ግዛት፣ ሆሊስተር በምትባል ትንሽ ከተማ የተፈጸመ ድርጊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሐምሌ መጀመሪያ፣ አሜሪካውያን የነጻነታቸውን በዓል በሚያከብሩበት ሰሞን፣ በከተማይቱ የሞተር ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሞተረኞች መጡ። ለዚህን ያህል እንግዳ የሚበቃ ማደሪያም ሆነ ፖሊስ አልነበረም። ከእንግዶቹ መካከል ጥቂቶቹ ሰከሩ፤ በዋናው መንገድ ላይ እየተሽቀዳደሙ ረበሹ፤ ጠርሙስ ሰበሩ። ወደ 50 የሚሆኑት ተያዙ፤ የተጎዱም ነበሩ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። እጅግ የሚበዙት ሞተረኞች ውድድሩን አይተው ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ «ላይፍ» የተባለው ታዋቂ መጽሔት አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። ፎቶግራፉ በባዶ የቢራ ጠርሙሶች በተከበበ ሞተር ላይ ጠርሙስ ይዞ የተንጋለለ ሰው ያሳያል። በቦታው የነበረ አንድ የከተማው ነዋሪ፣ ጠርሙሶቹ ለፎቶግራፉ ሲባል ተሰብስበው ሲደረደሩ አይቻለሁ ሲል በኋላ መስክሯል። ሆኖም መጽሔቱን ያነበበው ሕዝብ ያየው ፎቶግራፉን እንጂ ምስክሩን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ማርሎን ብራንዶ የተጫወተበትና መነሻው ይኸው የሆሊስተር ታሪክ የሆነ ፊልም ወጣ። የቆዳ ጃኬት ለብሶ ሞተር የያዘ ወጣት ሁሉ ከተማ የሚያሸብር ነው የሚለው አሳብ በየአገሩ ተሰራጨ። በእንግሊዝ አገር ፊልሙ ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ እስከ 1967 ድረስ ለሕዝብ እንዲታይ አልተፈቀደም።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን መጠበቅ ይገባናል። በሆሊስተር የረበሸ አልነበረም ብንል ውሸት ይሆናል። በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር በወንጀል የተከሰሱና የተፈረደባቸው አባላት ያሏቸው የሞተረኛ ቡድኖች መኖራቸውም የታወቀ ነው። ስሕተቱ ጥቂቶች ያደረጉትን ያልነበሩትም ሁሉ እንዳደረጉት መቁጠር ነው። በጣም የሚገርመው ግን ሁከቱን በዓይኗ ያየችው የሆሊስተር ከተማ ራስዋ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ነገሩ 50 ዓመት ሲሞላው፣ ሞተረኞችን በበዓል መቀበሏ ነው።

ለ. ወሬ እንዴት ይበዛል?

አንድ ድርጊት እንዴት ወደ «ሁሉም» እንደሚለወጥ በሚገባ የተጠና ሌላ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1964 የፋሲካ በዓል ዕለት ክላክተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሁለት ዓይነት ወጣቶች ተጋጩ። አንደኞቹ ትልልቅ ሞተር የሚነዱና የቆዳ ጃኬት የሚለብሱ «ሮከርስ»፣ ሁለተኞቹ ስኩተር የሚነዱና በልብሳቸው የሚጠነቀቁ «ሞድስ» ይባሉ ነበር። ቀኑ ብርድ ነበር፤ ወጣቶቹም የሚያደርጉትን አጥተው ነበር። ጥቂት መስኮቶች ተሰበሩ፤ ድብድብም ነበር። በማግሥቱ የወጡት ጋዜጦች ግን ከተማይቱ በጦር የተወረረች አስመስለው ጻፉ።

ስታንሊ ኮኸን የተባለ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ይህን ነገር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ አሳተመ። ጋዜጦቹ የጻፉትን ከሆነው ነገር ጋር እያስተያየ፣ ዘገባው ምን ያህል እንደተጋነነ አሳየ። ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ለትምህርታችን በጣም ይጠቅማል። በባሕሩ ዳርቻ ያሉ የዳንስ አዳራሾች ሁሉ ተሰባበሩ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በከተማይቱ የነበረው የዳንስ አዳራሽ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የተሰበሩትም ጥቂት መስኮቶቹ ናቸው።

አስተውሉ! ጸሐፊው ከባዶ ነገር አልፈጠረም። አዳራሹ አለ፤ መስኮቱም ተሰብሯል። ውሸቱ የገባው አንዱን «አዳራሾች» ባደረገችው በአንዲት ቃል ነው። የእኛም አነጋገር ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። «አንድ ሞተረኛ ሰደበኝ» ማለት ምስክርነት ነው። «ሞተረኞች ሁሉ ባለጌዎች ናቸው» ማለት ግን ያላየነውን መመስከር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአፍ ሲነገር ትንሽ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ትንሽ አይደለም።

ሐ. ሄዶ ያየው ቄስ

ሞድስና ሮከርስ ከመጋጨታቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች የቀረበ ሌላ ነገር ተፈጽሞ ነበር። በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ዊክ በሚባለው የድኾች ሠፈር፣ ጆን ኦትስ የተባለ ረዳት ቄስ እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ የወጣቶች ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ስሙም በተቋቋመበት ዓመት «59 ክለብ» ተባለ። የደብሩ አለቃ የነበረው ቄስ ቢል ሸርጎልድ ደግሞ ራሱ ሞተር ይነዳ ነበር።

በዚያ ዘመን በለንደን ዙሪያ መንገድ ላይ «ኤስ ካፌ» የሚባል ቤት ነበር። ሮከርስ የሚሰበሰቡት በዚያ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ቄስ ሸርጎልድ እነዚህን ወጣቶች ለሞተረኞች ወደተዘጋጀ ጸሎት ለመጥራት አሰበና የክህነቱን ነጭ የአንገት ልብስ በሻርፕ ሸፍኖ በሞተሩ ሄደ። እንደደረሰም ልቡ ከዳውና ሳይቆም አልፎ ሄደ። በኋላ ግን ድፍረት አግኝቶ ተመልሶ መጣ፤ ገባ። ወጣቶቹ ያዋርዱኛል ብሎ ሲጠብቅ ከበው የጥያቄ መዓት አወረዱበት፤ ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። ከዚያም በኋላ ሞተራቸውን እየነዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማኅበሩ ሞተረኛ አባላት በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቄሱ የአንገት ልብሱን የሸፈነው፣ ወጣቶቹ ልብሴን አይተው ይፈርዱብኛል ብሎ ስለፈራ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የቆዳ ጃኬታቸውን አይቶ ሰው ሁሉ የሚፈርድባቸው ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚፈሩት አንድ ዓይነት ፍርድ ነበር። ፍርሃቱን የሰበረው ስብከት አይደለም፤ አንዱ ወገን ተነሥቶ መሄዱና ፊት ለፊት መነጋገሩ ነው።

መ. በእኛ አገርስ?

«ይህ የፈረንጆች ታሪክ ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይመለከተናል። በአዲስ አበባ በሞተር እየተፈናጠጡ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ ሰዎች ብዙ ሰው አስለቅሰዋል። ይህ እውነት ነው፤ የተነጠቀው ሰው ምሬትም ተገቢ ነው። በዚህም ምክንያት የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ የተለየ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ተመዝግበውና ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩ ሞተረኞች ወደ መንገዱ ተመልሰዋል።

አስተዳደሩ ለሕዝብ ደኅንነት ማሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እገዳው ሌባውንና ሠራተኛውን መለየት አልቻለም። ሌባው ሞተር ቢያጣ በእግሩ ወይም በመኪና ሊሰርቅ ይችላል። ዕቃና መልእክት እያደረሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ወጣት ግን ሞተሩ ሲቆም እንጀራውም ቆመ። ሞተሩን በብድር የገዛ ሰው ሞተሩ ቆመ ተብሎ ዕዳው አይቆምለትም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት የሚጠቀሰው እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

ከከተማ ወጣ ስንል ደግሞ ሞተረኛው ሌላ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። መኪና በማይገባበት የገጠር መንገድ የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ለመጎብኘት የሚሄደው በሞተር ነው። የወረዳው ጤና ባለሙያ የክትባት መድኃኒት በማቀዝቀዣ ሣጥን አድርጎ ወደ ቀበሌ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ በሞተር ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ከዘገየ ይበላሻል፤ እናቲቱም ልጅዋን አዝላ የመጣችበት መንገድ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የዚህ ሞተረኛ ፍጥነት የጋጠወጥነት ምልክት አይደለም።

በሌሎች አገሮችም እንዲሁ ነው። ተራራማ በሆነችው በሌሶቶ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለው ድርጅት የሕሙማንን የደም ናሙና ከገጠር ጤና ጣቢያዎች ወደ ላቦራቶሪ በሞተረኞች አድርሷል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሌሊትና በበዓል ቀን፣ ደምና ናሙና ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ያለ ክፍያ የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኛ ሞተረኞች አሉ። በሌሊት ድምፁ ከእንቅልፍ የቀሰቀሰን ሞተር ምን ይዞ እንደሚሄድ አናውቅም።

ሠ. የራስ ቁሩና አደጋው

አሁን ደግሞ ሰው ስለሚጠረጥረው ስለ ራስ ቁሩ እንነጋገር። የዐረብ ሎረንስ እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1935 በሞተሩ ሲሄድ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀና ራሱን ተመታ። ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። ኬርንስ ከዚያ በኋላ በሞተር አደጋ የሚሞቱትን ወታደር መልእክተኞች ማጥናት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1941 የራስ ቁር ሕይወት እንደሚያድን ጥናቱን አወጣ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኛ መልእክተኞቹ ሁሉ እንዲያደርጉት አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ደግሞ፣ የራስ ቁር በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ ራስ ላይ የመጎዳትን ዕድል በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ የራስ ቁር የሐኪም ምክር ነው። ሌባው ተዋሰው እንጂ የእርሱ አይደለም።

ሌላው የሚወራው ነገር፣ ሞተረኛ የሚሞተው በራሱ እብደት ነው የሚለው ነው። ይህንንም የመረመረ ሰው አለ። ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን በቦታው እየተገኘ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አቀረበ። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞተሩ ከሌላ ተሽከርካሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት መኪና ጋር የተጋጨባቸው ናቸው። ከእነዚህም በሦስት ሁለት እጁ ጥፋቱ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው የሌላው ነጂ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ምክንያት፣ የመኪናው ነጂ ሞተረኛውን አለማየቱ ነበር። የአንድ አገር ጥናት ለሁሉም አገር በቀጥታ አይሠራም፤ ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት መንገዱን ሁለት ጊዜ ማየት እንደሚገባን ያስተምረናል።

ረ. የሞተረኛው ድርሻ

እስካሁን ስለ ተመልካቹ ተናግረናል። ሞተረኛውን ከነቀፋ ነጻ ነው ብለን ብንጨርስ ግን ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል። ያው የኸርት ጥናት ሌላም ነገር ተናግሯል። ከአደጋ የደረሰባቸው ሞተረኞች 92 ከመቶ የሚሆኑት ደንበኛ የመንዳት ትምህርት አልተማሩም፤ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የለመዱ ናቸው። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ሳይጋጩ ከወደቁትም የሚበዙት የወደቁት በራሳቸው ስሕተት ነው። ሞት ካስከተሉት አደጋዎች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ደግሞ መጠጥ ነበረበት።

ስለዚህ ከመካከላችሁ ሞተር የምትነዱ ወይም ለመንዳት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ልብ በሉ። መንጃ ፈቃድ ሳታወጡ አትንዱ። መጠጥ ቀምሳችሁ ሞተር አትንኩ። የራስ ቁራችሁን ማሰሪያ አጥብቁ፤ ከኋላ ለምትጭኑትም ሰው አዘጋጁ። በእግረኛ መንገድ ላይ አትውጡ። ከሰው ደጅ ስትደርሱ ወይም ታላቅ ሰው ስታነጋግሩ የራስ ቁሩን አውልቃችሁ፣ ፊታችሁን አሳይታችሁ ሰላምታ ስጡ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የፈራች አንዲት እናት ልብዋ የሚያርፈው ፊት ስታይ ነው። ስም ከመቃብር በላይ እንደሚውል አትርሱ። የእናንተን ጥፋት ሰው የሚጽፈው በእናንተ ስም ብቻ ሳይሆን፣ በሌላው ምስኪን ሞተረኛ ስምም ነው።

ሰ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ አነጋገራችንን እናርም። አንድ ሰው ካጠፋ፣ ያጠፋው እርሱ ነው እንበል። አንዱን «ሁሉም» አናድርገው።

2ኛ/ የተጎዳውን ሰው አንናቅ። ስልኩን የተነጠቀ ሰው ሞተር ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እያጽናናን፣ ሌባው አንድ ሰው እንጂ ሞተረኛ ሁሉ አለመሆኑን ቀስ ብለን እናስረዳው።

3ኛ/ መኪና የምንነዳ ወይም ወላጆቻችን የሚነዱ ሁሉ፣ በመታጠፊያና በመስቀለኛ መንገድ ላይ ለሞተረኛው ደግመን እንይ። የመኪናን በር ከመክፈታችን በፊትም ወደ ኋላ እንመልከት። ሳናየው ብንገጨው እርሱን የሚጠብቀው ብረት የለም።

4ኛ/ ሞተሩን በደጅ አቁሞ ወደ ጉባኤያችን የሚገባ ወጣት ሲመጣ፣ ዓይናችን ጃኬቱ ላይ አይቁም። ስሙን እንጠይቀው፤ መቀመጫ እንስጠው።

የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ሥነ ሥርዓት እንግዳን ከነአቧራው ተቀብሎ እግሩን ማጠብ ነበር። ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከበላና ካረፈ በኋላ ነው። ሞተረኛ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይልቅ አቧራ የሚጠግብ መንገደኛ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሆሊስተር ከተማ የሆነው ነገርና በመጽሔቱ ፎቶግራፍ የታየው ነገር በምን ይለያያሉ?

2. «አንድ አዳራሽ» እንዴት «አዳራሾች ሁሉ» እንደሆነ አስረዱ። በሠፈራችን ወይም በትምህርት ቤታችን ተመሳሳይ አነጋገር የሚነገርበት ሌላ ወገን አለን? ምሳሌ ስጡ።

3. ቄስ ሸርጎልድ መጀመሪያ ፈርቶ ማለፉ ይነቀፋልን? ተመልሶ ባይሄድ ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

4. ሌባን ለመከላከል ሲባል ሠራተኛው እንዳይጎዳ ምን ዓይነት ሥርዓት ይሻላል ትላላችሁ? ለሁለቱም ወገን እያሰባችሁ ተከራከሩ።

5. እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ እያንዳንዳችን በሞተር ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው እናነጋግር። ቀኑን ምን ሲያደርስ እንደሚውል፣ በመንገድ ላይ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ጠይቀን ያገኘነውን ለጓደኞቻችን እንንገር።